ከቁምሳጥኑ ጀርባ

በንጽሕናዬ አልታማም። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ግራውንድ ላይ የምንኖረው እኔ፣ እናቴና የስድስት ዓመት ልጄ ነን። ቤቴ ወለል ላይ እህል ቢደፋ ታፍሶ ይበላል። እናም ልጄ ክረምት በገባ ቁጥር ደረቷ ሲር ሲር እያለ በሳል ስትሰቃይ፣ ሐኪሙ «ቤታችሁ እርጥበት አለው?» ሲለኝ ደሜ ፈላ።

«የእኔ ቤት? ለእንቁጣጣሽ በየዓመቱ ቀለም የሚቀባ ቤት ነው!»

«ለምን በየዓመቱ?» አለኝ።

የምቀባው የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ስለሚጠቁር ነበር። ቀብቼ ሳበቃ እንግዳ እንዳያየው ቁምሳጥኑን አስጠጋበታለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ፤ የግድግዳም በሽታ እንዳለ ግን አላሰብኩም። ሐኪሙ አስም እንደጀመራት ነግሮኝ የሚነፋ መድኃኒት አዘዘላት። «የምትተነፍሰው አየር ካልተስተካከለ ግን መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም» አለ።

ቅዳሜ ልጄን ጎረቤት አስቀምጬ ቁምሳጥኑን ጎተትኩት። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ሻጋታ ተሸፍኗል። ልስኑ በጣት ሲነካ ይረግፋል። የልጄ አልጋ ከዚያ ግድግዳ አንድ ክንድ አይርቅም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ እኔ ደግሞ ስናደድ ሥራ ይወጣኛል። አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ፣ ግድግዳውን እያረጠብኩ ፋቅሁት፤ በበረኪና አጠብኩት። ስፍቅ ውኃ ከላይ ሲወርድ ስላየሁም ፎቅ ወጥቼ ከላያችን የሚኖረውን ጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ለካ የእሱ ሻወር ቱቦ እኛ ግድግዳ ውስጥ ሲያንጠባጥብ ከርሟል። ሰውየው ደንግጦ በማግስቱ አሠራው።

የቀረው መስኮቱ ነበር። ለእናቴ የዓለም በሽታ ሁሉ የሚገባው በመስኮት ነው። ታክሲ ውስጥ «ኧረ ዝጉት፣ ነፋስ መታን!» የምትለው እሷ ናት። የልጄን ክፍል መስኮት በጨርቅ ወትፋዋለች። ክረምቱን ሙሉ ልብስ የምናሰጣውም እዚያው፣ በዝግ ክፍል ውስጥ ነበር።

ስከፍተው መጥታ ትዘጋዋለች።

«ልጅቷን በብርድ ልትገያት ነው?»

«እማዬ፣ ያፈናት እኮ መዘጋቱ ነው!»

«እኔ አምስት ልጅ ያሳደግኩት መስኮት ከፍቼ ነው?»

ሁለት ቀን ተኳረፍን። በሦስተኛው ቀን ልደታ ማርያም ልትስም የክት ቀሚሷን ከቁምሳጥኑ ውስጥ አወጣች። ነጩ ቀሚስ ጥቁር ነጠብጣብ ለብሷል፤ ሽታው ያስላል። እናቴ ቀሚሱን ይዛ የልጄ አልጋ ላይ ተቀመጠች፤ ግድግዳውን አየች፤ ትራሱን አየች።

«ይኼንን ነው ስትተነፍስ የኖረችው?» አለችኝ።

መልስ አልጠበቀችም። ተነስታ ጨርቁን ከመስኮቱ መዛ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ ለእኔም አልተመቸችም። ጠዋት ጠዋት መስኮቱን ትከፍታለች፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ልብሱን ከደጅ ታሰጣለች፤ እኔ ሻይ ሳፈላ እንፋሎቱ ቤት ውስጥ ቀረ ብላ ትቆጣኛለች። የብሎኩን ሴቶችም ቁምሳጥናቸውን ከግድግዳ አስለቅቃለች።

ልጄ መድኃኒቷን አሁንም ትወስዳለች። ግን በተከታዩ ክረምት አራተኛ ፎቅ ጓደኛዋ ጋ እየሮጠች መውጣት ጀመረች። ለቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠና ፈገግ አለ።

«ደህና ናት። ምን አደረጋችሁ?»

አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ። በሰባ ዓመቷ ተሳስቻለሁ ብላ የማታውቅ ሴት ናት።

«ያፈንኳት እኔ ነበርኩ፣ ልጄ» አለችው። «ብርድ ፈርቼላት። አሁን መስኮቱን የምከፍተው እኔ ነኝ።»

ግድግዳውን የፋቅሁት እኔ ነኝ ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። በእናቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።