የሴትዮዋ ዓሣ

ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ካፌ ተቀምጬ የተማሪዎቼን የቢዝነስ ፈተና ሳርም ከጓዳው የዓሣ ጥብስ ሸተተኝ።

ሽታው እናቴን አስታወሰኝ። ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። እናቴ ጣና ዳር የዓሣ ቅርፊት ስትፍቅ እኔ አጠገቧ አጠናለሁ።

«እስቲ የምታጠኚውን ጥያቄ አንብቢልኝ» አለችኝ አንድ ቀን።

ዓሣዋ ሳይሸጥ ለሚበላሽባት ነጋዴ ምክር ስጡ ይላል። አነበብሁላትና የገበያን ትርጉም ከነዝርዝሩ በቃሌ ወረድሁት። ቅርፊት የተለጣጠፈበት እጇን ከቢላዋው ጋር አሳርፋ እስክጨርስ አዳመጠችኝ።

«ጎበዝ ልጄ። የሴትዮዋ ዓሣስ?»

ፊደል ስላልቆጠረች ያልገባት መስሎኝ ወደ ደብተሬ ተመለስሁ። ፈተናው ላይ ያው ጥያቄ መጣ፤ ያንኑ ጽፌ ከአሥር ሁለት አገኘሁ።

ዘንድሮ ጥያቄውን እኔ አወጣሁት። የያዝሁት ወረቀት ላይ የገበያ ትርጉም ገጹን ሞልቶታል። ከግርጌው በቀይ «የሴትዮዋ ዓሣስ?» ብዬ ጻፍሁና ሁለት ሰጠሁት።