በጨው ለቀቀ ያልኩት ጃኬት

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬ የያኔዋን እኔን የምታህል ልጅ አለችኝ። ለእሷም ለአባቷም ተናግሬው የማላውቀውን ነው አሁን የምጽፈው። የንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ስለ ሐሜት፣ ስለ ቁጣ፣ ጾም ስለ መግደፍ ተናዝዣለሁ። እዚህች ላይ ስደርስ ግን ተነሥቼ እወጣለሁ። እናንተ ስሙኝ እንግዲህ፤ ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኝ ይሆናል።

ሥራዬ ልብስ ማጠብ ነው። ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቢቀርም ስለ እድፍ ብዙ አውቃለሁ፤ ያስተማረኝ የሰው ልብስ ነው። ዝገት በሎሚና በጨው፣ ቅባት በአመድ ውሃ። ደም ደግሞ በቀዝቃዛ ውሃና በጨው ነው፤ ሙቅ ውሃ ካገኘው በስሎ ከልብሱ ጋር ይቀራል። ይህን ለሰው ሁሉ አስተምር ነበር። ለአክስቴም ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ምነው አፌን በያዘው!

አክስቴ ወርቅነሽ የአባቴ እህት ናት። ከገጠራችን ከጉኑኖ ወደ እሷ ዘንድ ሶዶ የመጣሁት በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ልጅ ስላልነበራት እንደ ልጅ ያዘችኝ፤ ግቢዋ ውስጥ ገመድ ዘርግቼ የሰው ልብስ እያጠብኩ እንዳድር ፈቀደችልኝ። ባሏ ጋሼ ታደሰ ወታደር ነበር። ወደ ሰሜን ዘምቶ፣ ያኔ የነበረው መንግሥት ወድቆ የሌላው ሰው ባል እየተንጠባጠበ ሲመለስ፣ እሱ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት አንድ የሚያነክስ ሰው በፌስታል የተጠቀለለ የወታደር ጃኬት ይዞ መጣ። ከግራ ትከሻው እስከ ደረቱ ጥቁር ቡናማ እድፍ ወርዶበታል።

«የታደሰ ነው፤ ይህም ደሙ። ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ» አለ።

አክስቴ ጃኬቱን እያገላበጠች አየችው። «ጥይቱ የቱ ጋ ገባ ወንድሜ? ቀዳዳ የለውም እኮ።»

«አንገቱን ነው፣ እቴ።»

«ታዲያ ኮሌታው ምነው ንጹሕ ሆነ?»

ሰውየው ውሃ ጠየቀ። ጠጣና ሄደ።

ሬሳ በሌለበት የሟች ልብስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ይለቀሳል። የእድሩ ሰዎች ድንኳን እንትከል ብለው መጡ፤ አክስቴ እምቢ አለች። «ለባሏ ያላለቀሰች ይሉሻል» ቢሏት፣ «መጀመሪያ ይሙትልኝ፤ ከዚያ አለቅስለታለሁ» ብላ አሳቀቻቸው። ጃኬቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ከዚያ ወዲህ የሰው ሁሉ ነገር ያጠራጥራት ጀመር። በር ላይ ውሻ ሲጮህ ትነሣለች፤ ከኋላው እሱን የሚመስል ሰው ካየች እስከ መናኸሪያው ድረስ ትከተላለች።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነች። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ቅቤ ነጋዴ ጎረቤታችን፣ «ቆላ ወርጄ ቤሌ ገበያ የታደሰን አካሄድ የሚሄድ ሰው አየሁ» አለች። አክስቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ጠዋት ሣጥኑን ከፍታ ጃኬቱን ክንዴ ላይ አኖረችው።

«አንቺ ልጅ፣ ደም በጨው ይለቃል ትዪ የለ? እጠቢው። ከለቀቀ ደሙ ነው፣ አልቅሼ አርፋለሁ። ካልለቀቀ ቤሌ ድረስ በእግሬም ቢሆን ሄጄ እፈልገዋለሁ። እኔ ቆሜ ማየት አልችልም፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመጣለሁ።»

ገና ውሃ ሳላስነካው አወቅሁት። የጉኑኖ ልጅ አይደለሁ? ጓሯችን ሙዝ ነበር። ሙዝ ሲቆረጥ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ መጀመሪያ እንደ ውሃ ነው፤ ሲደርቅ ደም መስሎ ይጠቁራል። ስንት ቀሚስ አበላሽቼበት ተገርፌያለሁ! እድፉ ደግሞ ያረፈው የሙዝ ዘለላ በሚሸከሙበት ትከሻ ላይ ነው። ቢሆንም ያለችኝን አደረግሁ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ በጨው አሸሁት። የቆየ ደም እንኳ ውሃውን ትንሽ ያደፈርሳል። የእኔ ውሃ እንደጠራ ቀረ።

የጃኬቱ ባለቤት ከጦርነቱ ወጥቶ፣ ይህንኑ ጃኬት ለብሶ፣ ሙዝ ተሸክሟል ማለት ነው። ጋሼ ታደሰ አልሞተም።

እና እኔ ምን አሰብኩ? ለአክስቴ ደስ አለኝ? አላለኝም። ቤቱ በእሱ ስም ነው። ቢመጣ እኔን ምን ያደርገኛል? ገመዴን ጠቅልዬ ጉኑኖ ልመለስ ነው፤ እንሰት ልፍቅ፣ ውሃ ልቀዳ፣ አባቴ ላገኘልኝ ሰው ልዳር ነው። ኋላ ላይ «ሌላ ሴት ይዞ ባገኘችው ልቧ ይሰበር ነበር፤ ለእሷ አዝኜ ነው» እያልኩ ራሴን አባብያለሁ። ውሸት ነው። የዚያን ዕለት ያዘንኩት ለአልጋዬ ነበር።

በረኪናውን አወጣሁ። በጨርቅ እየነከርኩ ትከሻውን መታሁት፤ አሸሁት፤ ደግሜ መታሁት። እድፉ ለቀቀ፣ የካኪው ቀለምም አብሮ ገረጣ። የገረጣውን በሻይ ውሃ ነካ ነካ አድርጌ አደበዘዝኩት። አደረግሁት። ማንም አላስገደደኝም።

አክስቴ መጣች። ጃኬቱ ገመድ ላይ ነበር፤ ወደ እሱ አልሄደችም።

«ለቀቀ?»

«ለቀቀ።»

«በጨው ብቻ?»

«በጨው ብቻ።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን!»

እጄን ያዘችና ወደ ፊቷ አስጠጋችው። ሳመችው። እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ፦ ሳመችው ወይስ አሸተተችው? የአጣቢ እጅ ሁልጊዜ በረኪና ይሸታል፤ ያን ቀን ከሌላው ቀን በምን ለየችው?

ድንኳን ተተከለ። ጃኬቱን በከሰል ካውያ የተኮስኩት እኔ፣ አልጋው ላይ የዘረጋሁት እኔ። ከአልቃሾቹም ሁሉ ድምፄ ከፍ ያለው የእኔ ነበር። አክስቴ ጥቁር ለበሰች፤ ተዝካሩን አወጣች። ከዚያ በኋላ ውሻ ቢጮህም አልተነሣችም። እኔ ግን ተራዬን መነሣት ጀመርኩ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጣ እላለሁ። አክስቴ ትክ ብላ ካየችኝ አወቀች እላለሁ። ጥርጣሬዋን ከእሷ ላይ አንሥቼ ራሴ ለበስኩት።

በአምስተኛው ዓመት በሩን ያንኳኳችው አንዲት ከሲታ ሴት ነበረች። ከቤሌ ነው የመጣሁት አለች። ግቢው ውስጥ ቆማ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ተናገረች።

«ታደሰ እኔም ቤት ነበር፣ እናቴ። ወታደር ሁሉ ይታሰራል ብሎ ፈርቶ ቆላ ገባ፤ ሙዝ ሲያለማ ኖረ። ሞቷል ይበሉኝ ብሎ ጃኬቱን የላከውም ራሱ ነው። ኋላ ጸጸተው፤ ሶዶ ሄጄ እግሯ ላይ ልውደቅ ብሎ ተነሣ። ያኔ ‹ለቅሶህን ተቀምጣለች› የሚል ወሬ ደረሰው። ‹የተለቀሰለት ሰው ምን ብሎ በር ያንኳኳል?› ብሎ ቀረ። ከሞተ አርባ ቀኑ ነው። ይቅር ትበለኝ በያት ብሎኛል።»

ሰማችሁ? በሩን የዘጋበት የእኔ በረኪና ነው። የሸሸው እሱ ነው፣ የዋሸው እሱ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ሊመለስ ተነሥቶ ነበር። እሷም ልትፈልገው ተነሥታ ነበር። በሁለቱ መካከል ጨው ይዛ የቆመችው ማን ናት? እኔ ነኝ። ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል፤ ሰበብ ግን የለኝም።

አክስቴ ሴትዮዋን አስቀምጣ ምሳ አበላቻት። «እግዚአብሔር ይፍታው» አለች። እኔም ስለ በረኪናው አልነገርኳትም።

ያን ቀን የአክስቴ ነጠላና ሁለት ቀሚሷ በእኔ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፈው ነበር። እንግዳዋን እስከ መናኸሪያ ሸኝታ ስትመለስ ወደ ሳፋው ሄደች፤ ልብሶቿን አንድ በአንድ አውጥታ ጨመቀቻቸው፤ በሌላ ውሃ ራሷ አጥባ አሰጣቻቸው። ዛሬ ሰባ ሊሞላት ነው፤ ጣቶቿ ተቆልምመዋል። ከምሠራው ትበላለች፣ ልጄን ትመርቃለች። ልብሷን ግን እስከ ዛሬ ራሷ ታጥባለች።