አሮጌው የታለ

የፋብሪካው መካኒኮች ያወጡለት ስም «አሮጌው የታለ» ነው። ሃያ ሦስት ዓመት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ በዚያች ትንሽ መስኮት በኩል መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ቃል ይኸው ነውና። ኩሽኔታ የሚፈልግ ሰው የተበላውን ኩሽኔታ፣ ቺንጋ የሚፈልግ የተበጠሰውን የማሽን ቀበቶ ይዞ መምጣት አለበት። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፣ ይለካል፣ ቁጥሩን በአጉሊ መነጽር ያነባል። ከዚያ በኋላ ነው እጁ የሚፈታው። «ዓይን ይዋሻል፣ አፍም ይዋሻል፤ አሮጌው ግን አይዋሽም» ይላል።

መካኒኮቹ ዞር ሲል፣ ይሄ ሰው ሰማይ ቤት ግምጃ ቤት ቢሾም አሮጌዋን ነፍስ ሳይረከብ አዲስ ነፍስ አይሰጥም እያሉ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን ብሎን የጠፋበት በያጅ መጥቶ ባዶ እጁን መልሶታል። በያጁ፣ ጋሼ ጠፍቶብኝ ነው እኮ፣ ቢኖርማ ምን አመጣኝ ቢለው፣ «ፈልገው» አለና መስኮቱን ዘጋበት።

በገዛ እህቱ ሥራ ላይ ስህተት የሠራው እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው።

ታላቅ እህቱ ታይፒስት ናት። ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ከሁለት ጓደኞቿ ጋር የሰው ማመልከቻ ትተይባለች። እናታቸው ስትሞት እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ያሳደገችውም ያስተማረችውም በእነዚያ ጣቶቿ ነው። ፀጉሩ ሸብቶም እስካሁን «እትዬ» ነው የሚላት።

በዚያ ሰሞን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ዕድሜያቸውን ሙሉ በእጃቸው የጻፉትን መጽሐፍ እንድትተይብላቸው ሰጥተዋት ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ደርሷት አያውቅም። ማመልከቻ ተነቦ ይጣላል፣ መጽሐፍ ግን ይቀመጣል እያለች ላገኘችው ሁሉ ታወራለች። የቸገራት ላፕቶፗ ነው። ልጇ አዲስ ስትገዛ የተወችላት፣ አሥር ዓመት ያለፈው ማሽን ነበር። ከሁለት መቶኛው ገጽ ወዲያ ፊደል ስትመታ እያሰበበት የሚያወጣ ይመስል መዘግየት ጀመረ፤ አንዳንዴም ጭራሽ ደርቆ ይቀራል። መምህሩ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሥራውን ከመንገዱ ማዶ፣ አዳዲስ ማሽን ወዳለው ቤት እንደሚወስዱት በትሕትና ነገሯት። ልጇ ደግሞ በስልክ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ያነሰው ራም የሚባለው ማስታወሻው ብቻ ነውና የሚያውቅ ሰው ፈልጊ አለቻት።

«ምን ሰው እፈልጋለሁ፣ ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ዕቃ ከዕቃ ሲያገጣጥም የኖረ ነው» አለች፣ ጓደኞቿ እየሰሙ።

እሱም ቀላል ነው አለ።

ራም ምን እንደሚመስል እንኳ አያውቅም ነበር። የራሱ ደንብ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል። የማሽኑን ሆድ ከፍቶ፣ አሮጌውን አውጥቶ፣ ይዞ መሄድ ነው። ያስፈራው መክፈቱ አልነበረም፤ ብሎን መፍታትማ ያውቅበታል። ከፍቶ፣ የቱ እንደሆነ ሳያውቅ ሲያፈጥ እትዬ ታየዋለች። ይህን አልቻለውም። ስለዚህ ማክሰኞ ባዶ እጁን ወደ ኮምፒውተር መደብር ሄደ።

ራም እንደሚፈልግ ሲነግራት ሻጯ ከስልኳ ቀና ሳትል «አሮጌውን ይዘውታል?» አለችው።

እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። «አያስፈልግም፣ አውቀዋለሁ» አላት።

ዲዲአር ስሪ ነው ወይስ ፎር ብላ የራሙን ዓይነት ስትጠይቀው፣ አራት ከሦስት መብለጡን አስቦ ፎር አላት። የላፕቶፑን ሞዴል ስትጠይቀው ጥቁር ነው አላት። ሻጯ ማሸጊያው ከተቀደደ እንደማይመለስ ነግራው ሰጠችው። እንዲህ ያለ ሰው በእሱ መስኮት ቢመጣ ኖሮ ምን እንደሚለው አሳምሮ ያውቃል። እያወቀ ይዞት ወጣ።

ረቡዕ ከሥራ በኋላ እህቱ ጠረጴዛዋን ወልውላ ጠበቀችው። ጓደኞቿም ወንበራቸውን አስጠጉ። ክዳኑን ፈታ። አዲሱን እያየ አሮጌውን ለየው፤ ነቀለና በቦታው አዲሱን ሊያስገባ ሞከረ። እንቢ አለ። በራሙ ጠርዝ ላይ ያለችው ትንሽ ክፍተት ከማስገቢያው ጥርስ ጋር አልገጠመችም፤ የሩዝ ፍሬ ታህል ወደ ጎን ሸሽታለች። ግምጃ ቤቱ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ገና ሲያየው ይሄ የዚያ አይደለም ብሎ ይመልሰው ነበር። አሁን ግን ሦስት ሴቶች ያዩታል። ትንሽ ጠንክሮ ነው አለና በአውራ ጣቱ ተጫነው።

ቀጭ አለ። ራሙን ግራና ቀኝ ከሚይዙት ክንፎች አንዱ ተሰብሮ ነው። አሮጌውን ሊመልሰው ቢሞክር የሚይዘው አጥቶ ብድግ ይላል። ከጎኑ ሌላ ባዶ ማስገቢያ ነበር፤ ግን ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ልብ አላለውም። አሮጌውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ክዳኑን መለሰ። ማሽኑ አልበራም።

«እትዬ፣ አርጅቷል። አዲሱን አልቀበልም አለ» አላት።

እህቱ ላፕቶፑን በመዳፏ ዳበሰችው። እሱስ ምን ያድርግ፣ ዕድሜ ነው አለች። እሱ ቀና ብሎ አላያትም።

ሐሙስ ወደ እሷ አልሄደም። አልደወለምም። ዓርብ ጠዋት ያ በያጅ መስኮቱ ላይ መጣና ሳይጠየቅ በጨርቅ የጠቀለለውን የተበጠሰ ቺንጋ ፈትቶ ዘረጋለት። «ጋሼ፣ አሮጌው ይኸው። ዛሬስ አንጣላም» አለው።

እጁን መዘርጋት አቃተው። ረዳቱ እንዲሰጠው ነግሮ ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ።

እህቱ ዘንድ ሲደርስ የመምህሩ ወረቀት ተከምሮበት የነበረው የጠረጴዛ ጥግ ባዶ ነው። ማልደው መጥተው ወስደውታል። እህቱ የሰው ማመልከቻ በእስክሪብቶ ትጽፋለች። ጓደኞቿ እዚያው ናቸው። እስኪወጡ ሊጠብቅ አስቦ ነበር፤ ከጠበቀ ደግሞ እንደማይናገር ራሱን ያውቃል።

«እትዬ፣ ማሽኑ አላረጀም። የማይሆነውን ገዝቼ፣ በግድ ስጫን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ራም ምን እንደሆነም አላውቅም ነበር።»

እሷ የጀመረችውን መስመር ጨረሰች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሲሰበር ሰምቻለሁ። አርባ ዓመት ቁልፍ ሲመታ የሰማ ጆሮ ነው» አለችው። «ረቡዕ ብትነግረኝ ግን ሐሙስን የሚያህል ቀን ነበረን።»

በመሐረብ የጠቀለለችውን አሮጌውን ራም ከመሳቢያዋ አውጥታ ላፕቶፑን አቀፈችና ተያይዘው ወደ መደብሩ ሄዱ። ሻጯ ራሙን ወደ ብርሃን አዙራ ጽሑፉን አነበበች። ስሪ ነው፣ ያውም በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠራው፤ ፎር ምን ቢጫኑት አይገባበትም አለች። በጽሑፉም በክፍተቱም አሮጌውን የሚመስል፣ ግን ብዙ የሚይዝ ፈልጋ አመጣችና በዚያ በባዶው ማስገቢያ ሰካችው። ማሽኑ በራ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሻጯ እሱን አስታውሳው እንደሆነ አላወቀም፤ ጫማውን ነበር የሚያየው።

እህቱ እዚያው ቆማ መጽሐፉን ከፈተችው። ሁለት መቶ አርባኛው ገጽ ላይ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቆሟል። አሁን ገጾቹ በጣቷ ሥር እንደ ውሃ ይፈስሳሉ። የተየበችውን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገለበጠችና ሰጠችው።

«ማዶ አድርስልኝ። ከዚህ ይቀጥሉ፤ እንደገና አይልፉ።»

መንገዱን ተሻግሮ ገባ። አዳዲስ ማሽኖች ተደርድረዋል፤ የመምህሩ ወረቀት ክምር ከአንዱ አጠገብ ተቀምጧል። የቤቱ ባለቤት ፍላሹን ሰክቶ ገጾቹን እያገላበጠ፣ ይሄን የተየበው ጎበዝ ሰው ነው፣ አንዲት ስህተት የለውም አለ።

«እህቴ ናት።»

«ታዲያ ምነው ሳትጨርሰው?»

ማሽኗ ተበላሽቶ ነው ሊል አፉን ከፈተ። ያም እውነት ነበር።

«በእኔ ጥፋት ነው» አለ።