የንስሐ አባቴን ሚዛን ላይ ያወጣሁ ዕለት

ልክ የዛሬ ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት... የንስሐ አባታችን እኔን ሊገዝቱ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ድረስ መጡ። ኮል አድርጋ የከሰሰችኝ ባለቤቴ ዘነበች ናት።

ጥፋቴ ምን መሰላችሁ... አውሮፕላን አለኝ። ትልቅ እንዳትመስላችሁ። ጎን ለጎን ሁለት ወንበር፣ ክንፏ ሸራ፣ ሞተሯ ከሣር ማጨጃ ትንሽ ከፍ ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቼ ሰውን ሁሉ ኤርፖርት በር ላይ ሳራግፍ ኖርኩ። ሪታየር ሳደርግ «አሁን የኔ ተራ ነው» አልኩና ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ ላይሰንስ አወጣሁ። ዋሽንግተን ሰማይ ላይ እንደ ልብ መብረር ስለማይቻል ቨርጂኒያ ገጠር አንድ የሣር ሜዳ ላይ ነው የማቆማት።

ይኸው ሦስት ዓመቷ። ዘነበች ግን አንድም ቀን አልለመደቻትም።

«አባቴ፣ ይሄ ሰውዬ በሰባ አራት ዓመቱ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ሊሞትብኝ ነው። ይግዘቱልኝ!»

እዚህ ተወልዳችሁ ላደጋችሁ ልጆች ልንገራችሁ፤ የንስሐ አባት አንዴ «ገዝቼሃለሁ» ካለ አለቀ። ፖሊስ ቢከለክለኝ ጠበቃ እይዛለሁ፤ ግዝት ግን ይግባኝ የለውም። በዕድሜ አሥራ ሦስት ዓመት እበልጣቸዋለሁ፣ ያም ሆኖ «ልጄ» የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

መስቀላቸውን ሲያወጡ ሳይ ቶሎ ብዬ፣

«አባቴ፣ ሳያዩ ይፈርዳሉ?» አልኳቸው። «አንድ ጊዜ አብረውኝ ይውጡና ከዚያ እንዳሻዎ ይግዘቱኝ።»

ትንሽ አሰቡ።

«እሱስ እውነት ነው። ሳላይ አልፈርድም» አሉ።

ዘነበች እኔን ያየችበት ዐይን... ተዉት።

ሜዳው ደረስን። ችግሩ እዚህ ጋ መጣ። እኔና ነዳጇ ከተጫንን በኋላ ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው ከመቶ ዘጠና ፓውንድ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ይወጣል። የገዛ ልጄን ጫማ አስወልቄ ነው የመዘንኩት። ግን የንስሐ አባቴን «ሚዛን ላይ ይውጡ» ልበል? አፌ እምቢ አለኝ።

«አባቴ... ይቅርታ ያድርጉልኝና... ክብደትዎ ስንት ይሆን?»

ቀና ብለው ደመናውን አዩ።

«መቶ ሰማንያ።»

አመንኳቸው። እኔ ለእሳቸው ስናዘዝ አንድም ኃጢአት ደብቄ አላውቅም። እሺ... ሁለት።

ቀበቶውን ሳስርላቸው እስከ መጨረሻው ተለቀቀ። እዚህ ላይ መጠርጠር ነበረብኝ። ጥምጥሜን አላወልቅም ስላሉ ማዳመጫውን ከላዩ ደፋሁላቸው። ዘነበች ጃንጥላዋን ይዛ ዳር ቆመች።

ነዳጅ ሰጠሁና ሮጥን። ሜዳው አጋማሽ ላይ ቀይ በርሜል አለ። እሱ ጋ ስደርስ ጎማዬ ሣሩን ካልለቀቀ ማቆም ነው፤ ክርክር የለም። በርሜሉ ደረሰ... ጎማው ሣር ላይ ነው። ነዳጁን ቀነስኩ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ ቆምን። አባቴ ዐይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ላይ ናቸው።

«ከፍ ብለናል?» አሉኝ ሳይገልጡ።

«አልተነሣንም አባቴ።»

«እኔ እኮ ደመና ውስጥ የገባን መስሎኝ...»

እየነዳሁ ወደ መነሻችን መለስኳቸው። አሁን ግን አላፈርኩም። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ከመጋዘን አመጣሁና እግራቸው ሥር አስቀመጥኩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኑዛዜ ነው አባቴ። ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው።»

ዘነበች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እየተቆጣች ይሁን እየሳቀች አልታወቀኝም።

ወጡ። ሁለት መቶ ሃያ ሁለት!

«ካባው ነው» አሉ። ካባው ወለቀ። «መስቀሉም ከባድ ነው።» መስቀሉ ለዘነበች ተሰጠ። ከቀሚሳቸው ኪስ የጸበል ጠርሙስ ወጣ፣ ስልክ ወጣ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ ከነዘለላው ወጣ። ሚዛኑ ሁለት መቶ አሥር ላይ ደርሶ ንቅንቅ አልል አለ።

«ሚዛንህ ልክ ነው ልጄ?»

«እኔም ዘነበችም ወጥተንበታል...»

«እኔን አታንሣ!» አለች ዘነበች። ከዚያ መስቀሉን መለሰችላቸውና፣ «በሉ እንግዲህ አባቴ፣ አይተዋታል። ይግዘቱልኝ» አለቻቸው።

አባቴ አውሮፕላኗን አዩ። ሰማዩን አዩ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ... እኔ ታክሲዬ ውስጥ ተቀምጬ፣ ያወረድኩት ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ሲገባ የማይበት ዐይን ነው።

«ስትሮጥ እንጂ ስትበር መች አየኋት?» አሉ። «ሳላይ አልፈርድም ብያለሁ። ሃያ ፓውንድ ልቀንስና እመለሳለሁ። ፍርዱ ያኔ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ምዕመኑ «አባታችን የፈቃድ ጾም ይዘዋል፣ እንዴት ያሉ መንፈሳዊ ናቸው!» እያለ ያደንቃል። እኔ ዝም።

ዝም ልበል እንጂ ነገሩ ገብቶኛል። ሃያዋ የወረደች ዕለት አብረውኝ ይወጣሉ፤ ከወጡ ይፈርዳሉ። ከወደዷት ተረፍኩ። ከፈሩ ግን አውሮፕላኔን ተሰናበትኳት። ታዲያ ምን አስቸኮለኝ?

እናም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት እጋብዛቸው ጀመር። ዘነበች ደስ ብሏታል።

«ለአባታችን እንዲህ አሳቢ መሆንህን አላውቅም ነበር» ትለኛለች፣ ክትፎው ላይ ቅቤ እየጨመረች።

ባለፈው እሑድ እጃቸውን ሊታጠቡ ብድግ ሲሉ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ አፋቸው ጋ አደረስኩ።

«በቃኝ ልጄ፣ በቃኝ... አሥራ አንድ ብቻ ነው የቀረኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በሞቴ!» አልኳቸው።

ዘነበችን ቀና ብለው አዩ... ጎረሱ።

አሥራ ሁለት።