ሽማግሌ የተላከበት ዜና

ትናንት ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈር በባጃጅ ስመጣ፣ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ለጓደኛቸው «የልጄ ትምህርት ቤት ጋዜጣ እኮ ስንቱን አስተካከለው» ሲሉ ሰማሁ። አመንኳቸው። የጋዜጣው አማካሪ መምህር እኔ ነኝ... ምን ያስጠረጥረኛል?

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። ርዕሰ መምህራችን የጋዜጣ ክበቡን ለእኔ ሰጡኝ፤ ምክንያታቸው መምህራን ማረፊያ ውስጥ መጽሐፍ ይዤ መታየቴ ነው። ከተመዘገቡት ልጆች ግማሾቹ የኳስ ክበቡ ስለሞላባቸው የመጡ ናቸው። ቦንቱን ዋና አዘጋጅ አደረግናት። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከታናናሾቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ስለሚኖሩ ማጥኛ ቦታ የላትም። ቤተ መጻሕፍታችን ደግሞ ከሰዓት ዝግ ነው። ኃላፊው ኦቦ ፈይሳ ከምሳ በኋላ ዲጋ ገጠር ያለውን የቡና ማሳቸውን ሊያዩ ይሄዳሉ።

የመጀመሪያው እትም የፊት ገጽ ዜና በዚህ ታወቀ።

ቦንቱ ጻፈችው። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። የጎደለው የኦቦ ፈይሳ መልስ ብቻ ነው።

«የምትጽፊበትን ሰው ሳትጠይቂ አይወጣም» አልኳት። «የሙያው ሀሁ ነው።»

ሄዳ ጠየቀቻቸው። ሁሉንም አዳምጠው፣ «እሺ» ብለው፣ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውን ይዘው ግቢ ገቡ። ቦንቱ የምትባለውን ልጅ ነው የምንፈልገው አሉ። ርዕሰ መምህሩ ወንበር እንኳን ሳያቀርቡላቸው፣ «አባቶቼ፣ ልጅቷ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት፤ ገና ናት» አሏቸው።

«ለጋብቻ አይደለም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ኦቦ ደሬሳ። «ለእርቅ ነው።»

የክበቡ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ዴስኩ ጉልበታቸውን አላስገባ ብሏቸው በጎን ተቀመጡ። ኦቦ ፈይሳ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ኦቦ ደሬሳ በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁና፣ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ዞሩ። ወላጆቼ ናቸው ከጎጃም የመጡት፤ እኔ እዚሁ ነቀምቴ ተወልጄ አንዱም ቃል አላመለጠኝም። የጠየቀኝ ግን የለም።

«ኢንተላ ኮ... ልጄ፣ ፈይሳ ምን በደለሽ?»

«ምንም።»

«ምን አጣላችሁ ታዲያ?»

«አልተጣላንም፣ አባ።»

«ካልተጣላችሁ ለምን ይጻፍበታል?»

«ቤተ መጻሕፍቱ ከሰዓት ስለሚዘጋ ነው። እኔ ማጥኛ የለኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ይህንኑ ለእሱ ብትነግሪው አይሻልም ነበር?» አሉ አንደኛው።

«ነገርኳቸው እኮ። እናንተን ላኩብኝ።»

ኦቦ ደሬሳን ሳል ያዛቸው። ሳል መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ውጭ ዛፍ ሥር ወጥተው ተማከሩና ውሳኔያቸውን ይዘው ተመለሱ። ፈይሳ ከሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ይከፍታል። ቦንቱም ጽሑፉን ትተወዋለች።

«ተከፈተ ብዬስ ልጻፈው?» አለች።

«እርቅ ከወረደ በኋላ የተቀበረ ነገር አይቆፈርም፣ ልጄ።»

ቦንቱ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ሰሌዳውን አየሁ። «ጋዜጠኛ ለማንም ጫና አይንበረከክም» ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት። ዳስተሩ ሩቅ ነበር።

«ባይከፍቱስ?» አለች ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሳ።

«ያኔ» አሉ ኦቦ ደሬሳ፣ «እኛው እንጽፍበታለን።»

ኦቦ ፈይሳ ቀና ሲሉ ያየሁት በዚህን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ። ቦንቱ መስኮቱ ሥር ያለችውን ወንበር ያዘች፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልለቀቀችም። ጽሑፉን ቃሏን ጠብቃ ቀደደችው።

ወሬው ግቢውን አዳረሰ። ተማሪው ቅሬታውን ይዞ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። ልጆቼ ይጽፋሉ፤ የሚመለከተውን ሰው ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ በማግስቱ ሽማግሌ ይመጣል፤ ጽሑፉም ይቀደዳል። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር የተገጠመለት እንዲህ ነው። አርፍዶ ይገባ የነበረው የሂሳብ መምህርም አሁን ከደወሉ በፊት በር ላይ ቆሞ ይገኛል። የክበቡ ክፍል ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበር ጨምረናል... ለሽማግሌ።

ሐሙስ ከአጎራባች ከተሞች መምህራን ልምድ ሊቀስሙ ይመጡብናል። ርዕሰ መምህሩ ስለ ጋዜጣችን ገለጻ እንዳዘጋጅ ነግረውኛል። ለእንግዶቹም አንዳንድ ቅጂ እንዲደርሳቸው አደራ ብለውኛል።

እስካሁን አንድም እትም አላወጣንም።