እንጦጦን በኋላ ማርሽ

ካራ ባለው ግቢዬ የተከራዩኝ ወጣት ባልና ሚስት በቅርቡ ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዝተዋል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ባልየው ጠዋት ጠዋት ወደ ኋላ እየነዳ ነው የሚያስወጣት። ሚስትየው በሩ ላይ ቆማ «ና፣ ና፣ ትንሽ ግራ፣ ኧረ ግራ አልኩህ!» ትለዋለች። ከንትርካቸው ይልቅ እኔን የያዘኝ የመኪናዋ ድምፅ ነው። ወደ ፊት ስትሄድ እንደ ማንኛውም መኪና ናት። ወደ ኋላ ስትሄድ ግን ከሩቅ እንደሚሰማ ንብ ቀጭን ዜማ ታወጣለች። መጀመሪያ የሰማሁት ዕለት ሳህን እያጠብኩ ነበር። እጄን ሳላደርቅ በረንዳው ላይ ወጥቼ ድምፁ እስኪጠፋ ቆምኩ። ያንን ዜማ ረዘም አድርጌ የሰማሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ በጎረቤታችን በእትዬ አስካለ ሰይቼንቶ መኪና ውስጥ ተቀምጬ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሲግናል ነበር። የእኛንና የእሳቸውን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። እትዬ አስካለ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቤታቸው የአቡጀዲ፣ የከሰል ካውያና የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። ሜትር ከአንገታቸው አይለይም። በከንፈሮቻቸው መካከል ሁልጊዜ ስፒል ስለሚይዙ ንግግራቸው አጭር ነው፤ ጎረቤቱ ግን ከዚያች አጭር ንግግር የምትወጣውን ቀልድ ይጠብቅ ነበር። ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። አስም ነበረባቸው። ሜዳ መንገድ ላይ ማንም አይቀድማቸውም። ትንሽ ዳገት ሲገጥማቸው ግን ቆም እያሉ የሰው አጥር የሚያደንቁ ይመስላሉ። ለምን እንደሚቆሙ ሁላችንም እናውቃለን፤ አብረናቸው አጥሩን እናያለን።

መኪናዋን የገዙት ከአንድ የታክሲ ባለቤት ነው። ሰይቼንቶ የሚባሉት እነዚያ ትንንሽ የጣሊያን መኪኖች ያን ጊዜ የከተማው ታክሲዎች ነበሩ። ይህችኛዋ አርጅታ ከሥራ ከወጣች በኋላ የእርጎ ቀለም ተቀብታ ነበር። ቀለሙ በተላጠበት ሁሉ የድሮው የታክሲ ሰማያዊ ብቅ ይላል። ግቢ የገባች ቀን ሰፈሩ ተሰበሰበ። እናቴ ዙሪያዋን ዞራ አየቻትና፣

«አስካልዬ፣ ቀሪውን መቼ ነው የሚያመጡልሽ?» አለች።

እትዬ አስካለ ስፒሉን ከአፋቸው አወጡ። «በልኬ ነው ያሰፋኋት» አሉ።

የሰፈር ልጆች «ቁንጫ» አልናት። ብዙ አመል ነበራት። የበሮቿ ማጠፊያ ከኋላ በኩል ስለነበረ ከእሷ የሚወርድ ሰው ከቁም ሣጥን የሚወጣ ይመስላል። የቀኙ በር በጉዞ ላይ የመከፈት ልማድ ስላለው በመቀነት ከወንበሩ እግር ጋር ይታሰራል። ጥሩምባዋ ሲጫኗት ዝም ትልና መሪው ወደ ግራ ሲዞር በራሷ ጊዜ ትጮኻለች። ወደ ቤታቸው የሚታጠፉት በግራ በኩል በመሆኑ እትዬ አስካለ መምጣታቸውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የወንበሮቹ ልብስ ከደንበኞች ቀሚስ በተረፈ ቁራጭ ተጋጥሞ የተሰፋ ነበር። እናቴ የፋሲካ ቀሚሷን ቁራጭ የፊት ወንበር ላይ ስላገኘችው ሌላ ቦታ አትቀመጥም። ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። ሲግልባቸው የሞተሩን ኮፈን በባዶ የክር እንጨት ደግፈው፣ ገርበብ አድርገው ይነዳሉ። ማጠፊያዎቿን የሚቀቡት በዚያው በስፌት መኪናቸው ዘይት ነው። መንገድ ላይ ቀጥ ስትልባቸው አይቆጡም። መሪውን መታ መታ አድርገው «እሺ፣ አርፈሽ ተነሺ» ይሏትና ከቦርሳቸው ያልተዘመዘመ ጠርዝ አውጥተው መስፋት ይጀምራሉ። ጠርዙ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ እሷም ትነሳለች።

የገዟት ግን ለጌጥ አልነበረም። እናታቸው እማሆይ ብርሃኔ ከመነኮሱ ጀምሮ የሚኖሩት እንጦጦ ማርያም አጠገብ በምትገኝ ትንሽ ቤት ነው። ባላቸው እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብረዋል፤ እሳቸውም ሌላ ቦታ የመሞት ሐሳብ አልነበራቸውም። ጉልበታቸው ስለደከመ ወደ ከተማ መውረድ አይችሉም። ልጃቸው ደግሞ በአስማቸው ምክንያት በእግር መውጣት አይችሉም። አውቶቡስ ከሽሮ ሜዳ አያልፍም። እናትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ ወራት ሳይተያዩ ያልፋሉ። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ተፈራ ሰላሌ የሚያርሱ ሰው ነበሩ። ይህን ሲሰሙ መጡና «እማዬን ወደ አገሬ እወስዳለሁ» አሉ። ክፉ ሆነው አይደለም። ብርድ ላይ ያለ ጠያቂ ትሞትብኛለች ብለው ነው።

የተነጋገሩት እኛ ቤት ተቀምጠው ነበር።

«እኔ እጠይቃታለሁ፣ ወንድም ጋሼ» አሉ እትዬ አስካለ። «መኪና አለኝ።»

አቶ ተፈራ በመስኮቱ ወደ ሰይቼንቶዋ ተመለከቱ። «ይቺ? ይቺማ ራሷ ጠያቂ ትፈልጋለች።»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እትዬ አስካለ አልሳቁም።

«እማዬን ከዚያ ካወጣሃት ዓመት አትቆይም» አሉ።

«እዚያ ከተውኳትስ? ማን ውሃ ያቀብላታል?» አቶ ተፈራ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለኅዳር ጽዮን በቅሎ ይዤ እመጣለሁ። ያን ቀን ይቺ ነገርሽ እማዬ ደጃፍ ከደረሰች በቅሎዬን ባዶዋን እመልሳለሁ። ካልደረሰች ግን እንዳታስቸግሪኝ።»

«ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ እትዬ አስካለ ቅዳሜ ሲሆን ዳገቱን ይሞክሩ ጀመር። ከሽሮ ሜዳ በላይ አንድ ኃይለኛ መታጠፊያ ነበር። መንገዱ ጠጠር ነው። ቁንጫ እዚያች መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ታቃስትና ትቆማለች። ሰው ብታራግፍም፣ ራዲያተሯ ቀዝቃዛ ውሃ ቢጠጣም ያው ነው። ባለቤቷና እሷ ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው በአንድ ዓይነት ነበር። በየጊዜው ወደ ሲግናል ሲመለሱ በግራ መታጠፊያው ላይ የጥሩምባዋን ጩኸት እንሰማለን። እናቴ ከማጀት ሆና «አልሆነም» ትላለች።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ጠዋት እናቴና እኔ አብረናቸው ሄድን። እኔ ከኋላ ወንበር ለእማሆይ የተሠራውን የምስር ወጥ ድስት አቅፌ ተቀመጥኩ። በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አድርገን ሽሮ ሜዳ ስንደርስ ወደ ላይ የሚወጣው ነጭ ለባሽ መንገዱን ሞልቶታል። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ።

መታጠፊያዋ ላይ መኪናዋ እንደ ልማዷ ቆመች። እናቴ ወርዳ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገች። እትዬ አስካለ ውሃ ጨመሩ፤ ጠበቁ፤ አስነሱ። ጥቂት ተንቀጠቀጠችና ጠፋች። እንደገና አስነሱ፤ እንደገና ጠፋች። ቅጠል ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን ዳገቱ ላይ አስደግፈው ማየት ጀመሩ።

«ኧረ እትዬ፣ እኛ ጀርባ ላይ ጫኚያት! እናደርስልሻለን!» አለች አንዷ።

«ከቅጠሉማ ትቀላለች» አለች ሌላዋ።

እትዬ አስካለ መሪው ላይ ሁለት እጃቸውን አስቀመጡ። የዚያን ቀን በአፋቸው ስፒል አልነበረም፤ ግን አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ከላይ ወንድማቸው በቅሎ ይዘው እንደሚጠብቁ ሦስታችንም እናውቃለን። ቆይተው እናቴን፣

«ታኮውን አንሺልኝ፤ እንመለስ» አሏት።

«በእግሬ ሄጄ ልንገራቸው?»

«ምን ብለሽ?» አሉ። እናቴ ታኮውን አነሳች።

መኪናዋን ለማዞር መታጠፊያዋ ላይ አፍንጫዋን ወደ ገደሉ በኩል አደረጉ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገብተው ወደ ዳገቱ ጥቂት ማፈግፈግ ነበረባቸው። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ሲለቁ ያ ቀጭን ዜማ ተሰማ። ወደ ፊት አንድ ክንድ መውጣት አቅቷት የነበረችው መኪና ወደ ኋላ ያለ ምንም ማቃሰት ዳገቱን ወጣች። እትዬ አስካለ ደንግጠው ፍሬን ያዙ። ወደ መንገዱ ተመለከቱ። ደግመው ለቀቁት። ደግማ ወጣች። አፍንጫዋ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ጀርባዋ ወደ ማርያም ሆኖ ቀጥ ብላ ቆመች።

«አስካልዬ፣ መውረጃው በዚያ ነው!» ብላ ጮኸች እናቴ።

«አውቃለሁ። ኮፈኑን ዝጊልኝና ከፊቴ ሰው አስለቅቂ!»

«የቱ ነው ፊትሽ?»

«ጀርባዬ!»

ከዚያ ክንዳቸውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥለው ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ። እስከዚያ ቀን ፊታቸውን እንዲያ በቅርብ አይቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ያጎነበሱ ሰው ነበሩ። ግንባራቸው ላይ ላብ ነበር። የሚያዩት እኔን ሳይሆን ከራሴ በላይ ያለውን የኋላ መስኮት ነው፤ ግን ዳገቱን በሙሉ ዓይን ለዓይን ተያይተን የወጣን ያህል ይሰማኛል። «ድስቱን ያዢ» አሉኝ። እናቴ ከመኪናዋ ቀድማ ነጠላዋን እያውለበለበች በቅሎና ሰው ታስለቅቃለች። መሪው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ጥሩምባዋ እየጮኸች አገዘቻት። ቅጠል ተሸካሚዎቹ ከታች እልል አሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስንደርስ አንድ አረጋዊ ቄስ መቋሚያቸውን ዘርግተው አስቆሙን። እኛ ተሳልመን ስንወጣ እንኳ ጀርባችንን ላለመስጠት ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ የምንሄድ ሰዎች ነን። መኪናዋ የመጣችው ደግሞ በጀርባዋ ነው።

«ልጄ፣ ወደ ማርያም ጀርባ ሰጥቶ ይመጣል?» አሉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

እትዬ አስካለ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «አባቴ፣ ጀርባዋን የሰጠችው መኪናዋ ናት። እኔ ከመታጠፊያው ጀምሮ ፊቴን ከማርያም አላነሳሁም።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። የእትዬ አስካለ አንገት ገና እንደተጠመዘዘ ነው። ቄሱ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ይዘው መስቀላቸውን በመስኮቱ አስገቡላቸው። ተሳለሙ። «እለፊ» አሏቸው።

አቶ ተፈራ ከእማሆይ ደጃፍ በቅሎዋን ይዘው ቆመዋል። የእማሆይ አጎዛና ማንቆርቆሪያ ተጭኖ ተጠፍሯል። መኪናዋ በጀርባዋ መጥታ አጠገባቸው ስትቆም በቅሎዋ በረገገች።

«እንዲህ አድርጎም መምጣት አለ?» አሉ።

«ደርሳለች ወይስ አልደረሰችም፣ ወንድም ጋሼ?»

አቶ ተፈራ መልስ ከመስጠታቸው በፊት እማሆይ ብርሃኔ ከቤት ወጡ። ልጃቸውንም መኪናዋንም ሰላም አላሉም። በዘንጋቸው እየተደገፉ ወደ በቅሎዋ ሄዱና የጭነቱን ገመድ መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው እምቢ አላቸው። አቶ ተፈራ ጥቂት አዩዋቸው።

«ተይው እማዬ፤ እኔ አሰርኩት፣ እኔ እፈታዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አስካለ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጡ ነበር። ካደግሁ ወዲህ እንደሰማሁት የኋላ ማርሽ ከአንደኛው ይበልጥ ጉልበት አለው። መታጠፊያዋ ላይ መኪናዋን ያዞራሉ፤ ሲወርዱ ብቻ እንደ ሰው ወደ ፊት ይነዳሉ። ቅዳሜ ማታ እናቴ አንገታቸውን በቅባት ታሽላቸዋለች። እማሆይ ብርሃኔ ከዓመታት በኋላ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ፤ ከባላቸውም አጠገብ ተቀበሩ። ቁንጫ ከእሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየችም። እትዬ አስካለ እኔ ካገባሁ ወዲህም ለልጆቼ ልብስ ሰፍተውልኛል። ሲያርፉ ቤታቸውን ዘመድ ሸጠው። የስፌት መኪናቸው የት እንደደረሰ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት በሚኒባስ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣሁ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ማንም ሞተሩን አያዳምጥም። ከሽሮ ሜዳ በላይ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ ቦርሳዋን አንስታ «አስካለ ማዞሪያ ወራጅ አለ!» አለች። በደንብ ያልሰማሁ መሰለኝና ጠየቅኳት።

«አስካለ ማን ናት?»

«እንጃ እማማ፤ ድሮ እዚህ ጠላ ቤት የነበራት ሴትዮ ናት ይላሉ።»

«ጠላ አልሸጡም» አልኳት። «መኪና ነው ያዞሩት።»

ሚኒባሱ ቆመ። ልጅቷ አንድ እግሯን አውርዳ ወደ እኔ ዞረች።

«ለመመለስ?»

«ለመውጣት» አልኳት።