ካቦው እና የቀኝ ጉልበቴ

እልኸኛ ነኝ፤ ይኸን ሚስቴም ትመሰክራለች። አምና ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር በብስክሌት እወጣለሁ ብዬ ፎክሬ፣ ከአይከል በታች ያለው ዳገት ላይ ጉልበቴ እምቢ አለኝና ውሃና ሻንጣ በምትይዘው ፒካፕ ተጭኜ ገባሁ። ለጥምቀት ጎንደር የተሰበሰበው ዘመድ ሁሉ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብዬ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ሚስቴ የሆነ ቦታ ልንሄድ ስንነሳ «ሻንጣውን ልያዘው ወይስ እቤት ይቆይ?» እያለች እኔን ሻንጣ አድርጋ ትስቅብኛለች። ዘንድሮ ስነሳ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎንደርን ፔዳል እየመታሁ መግባት።

መንገዱ ሦስት ቀን ነው። ሰሊጡ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ ሰባት ስምንት ሆነን እንነሳለን። የመጀመሪያውን ቀን ነጋዴ ባሕር፣ ሁለተኛውን ዳገቱን ጨርሰን አይከል እናድራለን፤ በሦስተኛው ጎንደር እንገባለን። ጥር ቢሆንም የመተማ ፀሐይ ያው የመተማ ፀሐይ ናት፤ ከረፋዱ ጀምሮ አስፋልቱ ከታች፣ እሷ ከላይ ይጠብሱሃል። የሚመሩን ስልሳን ያለፉ ሰው ናቸው። ብዙ ዓመት በሰሊጥ እርሻ የቀን ሠራተኛ ሲመሩ ስለኖሩ ዛሬም ካቦ ነው የምንላቸው። እኔም በጎረምሳነቴ በሳቸው ሥር አጭጃለሁ።

ሰሊጥ አጨዳ ላይ የኖረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ ሕመሙን ይደብቃል። ሰሊጥ ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ይረግፋል፣ ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ወገቤን ያለ ሰው በማግስቱ ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። እጃችንን ማጭድ ቢነካን እንኳ ጨርቅ ጠቅልለን ዝም ነበር። ካቦው ግን ያውቁብን ነበር። ጠዋት ጠዋት የውሃው በርሜል አጠገብ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ፣ ውሃ ልንቀዳ ስንመጣ አካሄዳችንን ያያሉ። እኛ ሰው የሚቆጥሩ ይመስለን ነበር። ደህና የሚራመደውን «ተማም» ብለው ያሳልፉታል፣ ሱዳኖቹ ሁሉ ነገር ሲስተካከል እንደሚሉት። ሌላውን ጠርተው የማጭዱን እጀታ ያዩለታል፣ ወይ ለዚያ ቀን ቀለል ያለ ሥራ ይሰጡታል።

በብስክሌቱ መንገድም ያው ናቸው። ነጋዴ ባሕር የደረስን ቀን ማታ፣ እኛ ተዘርግተን ስናቃስት እሳቸው እየዞሩ ይመክራሉ። እጃችሁን አንድ ቦታ አታቆዩት፣ መሪው ላይ ቀያይሩት ይላሉ። ላቡ ደርቆ ጨው ሳይሆን ታጠቡ፣ በደንብ ሳትደርቁ ቫዝሊን አትቀቡ፣ እግር ሲያብጥ የጫማ ክር ላላ ይበል። ከሁሉም አንድ ነገር ደጋግመው ተናገሩ፤ ግራ ቀኙን እኩል ካመመህ ሥራ ነው፣ ተኝተህ ታድራለህ፤ አንዱን ብቻ ካመመህ ግን የሆነ ነገር ተሳስተሃል።

እኔ ይኸን ስሰማ ዳቦዬን እያኘክሁ አንገቴን ደፋሁ። የሚያመኝ ቀኝ ጉልበቴ ብቻ ነበር፣ ያውም የአምናው ቦታ ላይ። ብልጥ ነኝ ብዬ የብስክሌቱ መቀመጫ ላይ ስፖንጅ አድርጌ በሰሊጥ ጆንያ ሰፍቼ ሸፍኜው ነበር። መተማ ላይ ሁሉም እየነካካ ቀንቶብኛል። ገንዳ ውሃን ስናልፍ የጆንያው ስፌት ቀኝ መቀመጫዬን መላጥ ጀመረ፤ ወደ ግራ ሸሸት ብዬ ተቀመጥሁ። ከዚያ ጉልበቴ ተከተለ። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም።

በማግስቱ ጠዋት ካቦው ሻይ ይዘው ተቀምጠው፣ ሁላችሁም ከቧንቧው ውሃ ቅዱ አሉን። ነገሩ ገባኝና እንደ ሙሽራ ቀጥ ብዬ ተራመድሁ። ጀሪካኑን ይዤ ስመለስ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጡት።

«ና እስቲ» አሉኝ።

ፒካፗ ላይ ሊጭኑኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ሳይጠይቁኝ «ደህና ነኝ» አልሁ።

ብስክሌቴን ስበው መቀመጫውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ስፌቱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጉልበትህ ምንም አልሆነ። መቀመጫህን እየሸሸህ ነው የምትነዳው» አሉ።

ያን የደከምሁበትን ጆንያ በሰንጢ ቀደው ጣሉት። ታጥቤ፣ ደርቄ፣ ቫዝሊን ተቀብቼ እስክመጣ ለስፖንጁ ብዬ ዝቅ ያደረግሁትን መቀመጫ ከፍ አደረጉልኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ እርሻ ላይ እያለንም እንዲህ ያውቁብን እንደነበር አነሳሁላቸው። ከማን ተማሩት አልኋቸው። ብሎኑን እያጠበቁ ቀና ሳይሉ መለሱ።

«ካቦ በሆንሁ መጀመሪያ ዓመት ላይ አንዱ ጎበዝ ወገቤን አመመኝ አለኝ። አባረርሁት። ከዚያ ወዲያ አንድም ሰው አመመኝ ብሎኝ አያውቅም። ምን ላድርግ፣ በዓይኔ መፈለግ ጀመርሁ።»

እኔ ተሰጥዖ ይመስለኝ ነበር። በአንድ ስህተት የተነሳ ዕድሜውን ሙሉ የሰው እግር ሲመለከት የኖረ ሰው መሆናቸውን ስሰማ፣ ከበፊቱ ይልቅ አከበርኋቸው። በሰው ፊት ባላፍር እጃቸውን እስም ነበር።

ዳገቱን ወጣሁት። ጉልበቴ ወዲያው አልተወኝም፤ ቀስ እያለ ግን እየለቀቀኝ ሄደ። አምና የቆምሁበት ኩርባ ላይ ስደርስ ካቦው ከኋላዬ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ከአይከል ተነስተን፣ ከሰዓት በኋላ ጎንደር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረን፣ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ካቦው ብስክሌታቸውን አቁመው ወረዱ። ጎማ የተነፈሰ መስሎን ከበብናቸው። ግራ እጃቸውን አንስተው ዘረጉ፣ ጨበጡ፤ ሁለቱ ጣቶቻቸው አልታዘዝ አሉ። ዝም ቢሉ ማናችንም አናውቅም ነበር። የሳቸውን እግር የሚያይ መቼ ነበረና።

«አመመኝ» አሉ፣ ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብለው። «እጄ ደንዝዟል፣ ፍሬን አይዝልኝም። ፒካፗ ላይ እወጣለሁ።»

ከዚያ አንዱ አንገቱን ከትናንት ጀምሮ እንዳመመው ተናገረ። ሌላው ጫማውን አውልቆ የተላጠ ተረከዙን አሳየ። ያ ሁሉ ሦስት ቀን የተደበቀ ሕመም መንገድ ዳር ተዘረገፈ። ካቦው በደህናው እጃቸው የአንዱን መሪ አስተካከሉ፣ ለሌላው ፋሻ ሰጡ። ከዚያ ፒካፗ ላይ ወጥተው አምና እኔ የተቀመጥሁበት ሻንጣ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸውን ግን ወደ እኛ አዞሩ።

ፒካፗ ከፊታችን ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ እሳቸው ከላይ ሆነው እግራችንን ያያሉ። አዘዞን አልፈን የጎንደር ቤቶች ሲመጡ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያላልሁት ነገር አፌ ላይ መጣ።

«ካቦ! ጉልበቴን አመመኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

ከሻንጣው ላይ ብድግ ሊሉ ቃጣቸው።

«የትኛውን?»

«ሁለቱንም!»

ተመልሰው ተቀመጡና የደነዘዘ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

«ተማም» አሉ።